ከባሕር ዳር እስከ ገዳሪፍ፤ በሕዝብ አውቶቡስ ድንበር ስለ መሻገር

ከባሕር ዳር መናኸሪያ ተነሥቶ፣ ከሕዝብ ጋር በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ የመተማን ድንበር በእግሩ ተሻግሮ፣ በሱዳኗ ገዳሪፍ ጥቂት ሰንብቶ የሚመለስ መንገደኛ፣ ምንም እንኳ ጉዞው አጭር ወጪውም ትንሽ ቢሆን፣ ስለ ጎረቤቱም ስለ ገዛ አገሩም ብዙ መጻሕፍት የማይነግሩትን ዕውቀት ያገኛል ብዬ አምናለሁ፤ እኔም በሰላሙ ዘመን በዚያ መንገድ ካለፉት ሰዎች አንዱ ነኝ። ዛሬ በሱዳን ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚነደው ጦርነትና በእኛም በዐማራ ክልል የታወከው ሰላም ያንን ጉዞ ለተራ መንገደኛ የማይደፈር አድርገውታል። ይሁን እንጂ መንገድ ፈጽሞ የሚጠፋው ከሰው ኅሊና ሲሰወር ነውና፣ የሄድንበት ሰዎች ያየነውን ጽፈን ማስቀመጥ ይገባናል።

ጉዞው የሚጀምረው ከጣና ዳር ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ መናኸሪያው በረዳቶች ድምፅ ይሞላል፤ ነጋዴው ጆንያውን፣ ተማሪው ሻንጣውን፣ እናት ለዘመድ የቋጠረችውን ስንቅ ያሰናዳሉ፤ አውቶቡሱም ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ያቀናል። (በዚያ ጊዜ የምንሻገረው በአሮጌው ድልድይ ነበር፤ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዐባይ ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው።) ከዚያ በኋላ ሐሙሲትን፣ ወረታን፣ አዲስ ዘመንንና ማክሰኝትን እያለፈ፣ ከጉና ተራራ ወርደው ወደ ጣና የሚገቡትን የጉማራንና የርብን ወንዞች ይሻገራል፤ የፎገራ ሜዳም በክረምት ውኃ ተኝቶበት ሩዝ ሲያበቅል ይታያል። ሐይቁ በስተግራ ነው፤ ከመንገዱ ስለሚርቅ ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ ለዓይን አይገለጥም። ቢሆንም ተሳፋሪው ሁሉ በዚያ ወገን የክብራን ገብርኤልና የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት በደሴቶቻቸው ላይ እንዳሉ ያውቃልና፣ በዕድሜ የገፉት አማትበው መንገዳቸውን ለጠባቂው መልአክ ዐደራ ይሰጣሉ።

ጎንደር ከመግባቱ በፊት አዘዞ ላይ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መንገድ የመተማው ነው። በጭልጋ አውራጃ አይከልን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ፣ በጣና ዳር 1,800 ሜትር ግድም የነበረው ከፍታ መተማ ሲደርስ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ይላል፤ የጠዋቱ ጋቢ ይወልቃል፣ መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል፣ የግራሩና የሰሊጡ ቆላ ይጀምራል። በመከር ወራት በዚህ አውቶቡስ የሚሳፈሩት አብዛኞቹ ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ ሰሊጥ ለማጨድ የሚወርዱ፣ በአካባቢው አጠራር «ሳሉግ» የሚባሉ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ወባና ካላዛር በሚበረታበት በረሓ ድካማቸውን በጥቂት ብር ለውጠው ለመመለስ የሚሄዱትን እነዚህን ወጣቶች አጠገባቸው ተቀምጦ ያላነጋገረ ሰው፣ ወደ ውጭ አገር የሚላከው ሰሊጥ በማን ላብ እንደሚሰበሰብ በእርግጥ ተረድቷል ለማለት አልደፍርም። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ የታናሽ እኅቱን የትምህርት ቤት ወጪ ከዚህ መከር እንደሚሸፍን በትሕትና ሲነግረኝ፣ እኔ ለማየት የምሄድበት መንገድ ለእርሱ እንጀራው መሆኑን ተገነዘብኩ።

መንገዱም ጥንታዊ ነው። ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን ቅፍለቱ ከስናር ተነሥቶ በዚህ ቆላ በኩል ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ ጭልጋም ነጋዴ ቀረጥ የሚከፍልባት በር ነበረች። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ አፄ ኢያሱን ሊያክም በ1699 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ከስናር መጥቶ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1771 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ ወደ ስናር የወረደው በዚህ አቅጣጫ ነው። ከእነርሱ ይልቅ ግን ስማቸው ያልተጻፈ እልፍ ነጋዴዎች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ጨውና ቡና፣ ጥጥና ፈረስ ይዘው በዚያ ተመላልሰዋል።

ነገር ግን መተማ በኢትዮጵያዊ ልቡና ውስጥ የምትታወሰው በንግዷ አይደለም። በጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳኑ የደርቡሽ ጦር በሐምዳን አቡ ዐንጃ መሪነት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ሣር ውኃ ላይ ድል ነሥቶ ጎንደርን ዘረፈ፣ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠለ፤ በተከታዩ ዓመት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ራሳቸው ዘምተው፣ ሠራዊታቸው ምሽጉን ጥሶ ለድል በቀረበበት ሰዓት በጥይት ቆስለው ዐረፉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከተማይቱ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ይህ ሊዘነጋ የማይገባው፣ እኔም እንዲዘነጋ የማልፈቅደው ታሪክ ነው። ሆኖም አንድ ሕዝብ ጎረቤቱን የሚያውቀው በዜና መዋዕል በተጻፈው የጦርነት ቀን ብቻ ከሆነ፣ በጦርነቶች መካከል ያለውን ረጅሙን የሰላም ዘመን፣ የገበያውንና የጋብቻውን፣ የእንግዳ አቀባበሉንና የዕዳውን ዘመን፣ እንዳልነበረ ይቆጥረዋል። እኔ አውቶቡስን የማከብረው ይህን የተረሳ ዘመን ለተራው ሰው ስለሚያሳየው ነው።

አውቶቡሱ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ ተሳፋሪውን ያራግፋል፤ ድንበሩንም ሁሉም በእግሩ ይሻገራል። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል የተወሰነው ወሰን፣ በበጋ ውኃ የማይታይበት አንድ ፈፋና በላዩ የተዘረጋ አጭር ድልድይ ነው። ከዚህ ወገን ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይታያል፣ ማኅተም ይመታል፤ ከዚያ ወገን፣ ጋላባት ላይ፣ ቪዛ ይጠየቃል፣ ሻንጣ ይፈተሻል፣ ብሩ በሱዳን ጊኔ ይመነዘራል። ጥቂት እርምጃ በተሄደ ጊዜ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሱዳን ይህን የወሰነችው በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። የዘመን ቈጠራው ይለወጣል፣ የዕረፍቱ ቀን ከእሑድ ወደ ዓርብ ይሸጋገራል፣ ፊደሉም ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። እንዲህ ሆኖ ሳለ በድልድዩ ላይ ውኃ የሚሸጠው ልጅ በዐማርኛም በዐረብኛም ይጣራል፤ ሻይ የምታፈላው ሴት ከየትኛው ወገን እንደ ሆነች ጠይቆ ካልሆነ በቀር መለየት አይቻልም።

ከጋላባት እስከ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ግድም የሚሆን፣ ወሰን የለሽ የማሽላና የሰሊጥ ሜዳ ነው። በሱዳኑ አውቶቡስ የነበረው ተሳፋሪ እንግዳ መሆናችንን ባወቀ ጊዜ ከፉሉም ኪስራ ከሚሉት ቂጣቸውም ሳያካፍለን አላለፈም፤ አንድ አረጋዊ «ሐበሻ ወንድማችን ነው» ብለው ከፊት ያለውን ወንበራቸውን ሲለቁልኝ፣ ዕድሜያቸው ስለሚበልጥ እንዳይነሡ ብለምናቸውም እንቢ አሉ። በገዳሪፍ ገበያ የኢትዮጵያ ቡና በጀበና ይፈላል፤ እንጀራም አይታጣም፤ በአምስት ድምፅ የተቃኘው ዜማቸው ለጆሯችን የባዕድ አልሆነም።

ከሁሉ የበለጠ ያስገረመኝ ግን ያ ምድር ከጣና ጋር ያለው ማኅበርተኝነት ነው። ዐባይ ከባሕር ዳር ወጥቶ ካርቱም ላይ ከነጭ ዐባይ ጋር እንደሚገናኝ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ በመተማ የሚያልፈው ጓንግ ግን ሱዳን ሲገባ አትባራ እንደሚሆን፣ ከጣና በስተ ምዕራብ የሚነሣው ሽንፋም ራሃድ ተብሎ እንደሚፈስ የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ስቦ ወደ በለስ ያወርዳል፤ የኤሌክትሪኩም መስመር ከባሕር ዳር በጎንደርና በሸኽዲ አድርጎ፣ አውቶቡሱ በሄደበት አቅጣጫ፣ በመተማ በኩል ገዳሪፍ ይደርሳል። ውኃውና መብራቱ ያለ ፓስፖርት የሚሻገሩትን ወሰን፣ ሰው በብዙ ድካም ይሻገረዋል ማለት ነው።

የጉርብትናው ዕዳ ደግሞ ከውኃም ይከብዳል። በ1977 ዓ.ም. የረኃብ ዘመን ከጎንደር በእግራቸው የወጡ ቤተ እስራኤላውያን በገዳሪፍ አውራጃ በኡም ራኩባ ሰፍረው ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የሸሹ ወገኖቻችን በዚያው ስፍራና በጡነይድባ ተጠለሉ። እነዚያ ደኅና መኖሪያ ያልነበራቸው የገዳሪፍ ገበሬዎች ለስደተኛው ካላቸው አካፈሉ። በ2015 ዓ.ም. የካርቱም ሰው ሻንጣውን እየጎተተ በመተማው ድልድይ ወደ እኛ ሲመጣ ዕዳውን የመክፈሉ ተራ የእኛ ሆነ፤ ሐኪሙና መምህሩ፣ ነፍሰ ጡሯና ሽማግሌው በአንድ ፀሐይ ተሰለፉ። በእኛ ወገን በሰፈሩባቸው መጠለያዎች የደረሰባቸው ዘረፋና ሥጋት ልባችንን ሊሰብረው ይገባል። በዚያ ወራት ስደተኛውን «እንግዳ» ብለው ተቀብለው ቤታቸውን የከፈቱት፣ እኔ በሰማሁትና ባየሁት መጠን፣ አስቀድሞ በዚያ መንገድ የተመላለሱት፣ በገዳሪፍ ሠርተው ያደሩትና የበሉት ሰዎች ነበሩ፤ የማያውቀውን ግን ሰው በቀላሉ ይፈራዋል።

ስለዚህ ሰላም ሲመለስ፣ እግዚአብሔርም ያን ቀን ያቅርበው፣ የሁለቱ አገሮች ባለ ሥልጣናት ከጭነት መኪናውና ከነዳጅ ቦቴው እኩል የሕዝብ አውቶቡሱን እንዲያስቡ እለምናለሁ። ከባሕር ዳርና ከጎንደር የሚነሣው አውቶቡስ ከጋላባት ከሚነሣው ጋር በሰዓት ይገናኝ፤ የጉዞው ዋጋና የቪዛው ክፍያ በሁለቱም ቋንቋ በግልጽ ይለጠፍ፣ መንገደኛው በደላላ እጅ እንዳይወድቅ፤ ለጥቂት ቀን የሚሻገር የድንበር ነዋሪ በቀላል ወረቀት ይለፍ፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ታሪክን በመጽሐፍ ካነበበ በኋላ ወርዶ በዓይኑ ይመልከት፣ የገዳሪፍ ተማሪም ወጥቶ የጣናን ገዳማት ይሳለም ወይም ይጎብኝ።

እናንተም በዚያ መንገድ የሄዳችሁ፣ ያስተናገዷችሁን ሰዎችና የበላችሁበትን ማዕድ ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ የመጋቢት 1881ን ሐዘን እንደምናስተምራቸው ሁሉ ይህንንም እናስተምራቸው። ሁለቱን አብሮ የሚያውቅ ትውልድ ድንበሩን ሲጠብቅ ጎረቤቱን አይጠላም፤ ጎረቤቱን ሲወድም አገሩን አሳልፎ አይሰጥም።