ርካሽ ጉዞ፣ ግን ለማን?

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ልጆች ቤት ሲውሉ፣ “የት እንውሰዳቸው?” የሚለው ጥያቄ ብዙ ወላጆችን ያስጨንቃል። ላንጋኖም ሆነ ሐዋሳ ለአምስት ሰው የሆቴልና የምግብ ሒሳብ አለው። እኛ በ2010 ዓ.ም. መልሱን በቀላሉ ያገኘን መስሎን ነበር። የባለቤቴ እናት የሚኖሩት በደቡብ ወሎ፣ ከላላ ወረዳ ነው። አልጋ አንከራይም፣ ምግብ አንገዛም፣ ወጪያችን መጓጓዣ ብቻ ነው ብለን ሄድን። አራት ቀን ቆይተን ስንመለስ ከያዝነው ገንዘብ ተርፎን ነበር።

ደስታችን ሰኔ ላይ ተበላሸ። ባለቤቴ ደውሎ ስለ እርሻው ሲጠይቅ፣ ማዳበሪያ ገና አለመገዛቱን ሰማ። ሲያጣራ፣ አማቴ ሸጠው ማዳበሪያ ሊገዙባቸው ያቆዩአቸውን ሁለት በጎች ያረዱት ለእኛ ኖሯል። “ታዲያ የልጅ ልጆቼን በሽሮ ልሸኛቸው ኖሯል?” አሉት። ጉዟችን ርካሽ የሆነው ሒሳቡን እርሳቸው ስለከፈሉልን ነበር።

በጥር 2012 ዓ.ም. በድጋሚ ስንሄድ፣ ያቀድነው ይህን ስህተት ላለመድገም ነው። ያገኘነውን ትምህርት ላካፍላችሁ። የዚያን ጊዜውን ዋጋ መንገር ዛሬ ለማንም አይጠቅምምና አወጣጡን ብቻ እነግራችኋለሁ።

ከመስከረም የሚጀምር ቁጠባ

ትምህርት ሲከፈት አንድ ደብተር ገዝተን አምስት ዓምድ አሰመርንበት፤ መጓጓዣ፣ የመንገድ ምግብ፣ መኝታ፣ ለቤተሰብ የምንወስደው እና መጠባበቂያ። ከመስከረም እስከ ጥር አምስት ደመወዝ አለ። ጠቅላላውን ለአምስት አካፍለን በየወሩ እንደ ዕቁብ አስቀመጥን። ልጆቹም ለበዓል ከተሰጣቸው ሳንቲም አዋጡ።

ትልቁ ወጪ መጓጓዣ ነው። ይህን የቀነስነው ከባለቤቴ ወንድም ቤተሰብ ጋር አንድ ሚኒባስ በኮንትራት በመያዝ ነው። ኮንትራት ስትይዙ ነዳጁን ማን እንደሚችል፣ የሹፌሩ አበልና አልጋ በማን እንደሆነ፣ መኪናው ቆሞ ለሚውልባቸው ቀናት ስንት እንደሚከፈል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ከእነዚህ ከሦስቱ ነው። ነዳጅ አዲስ አበባ ላይ ሙሉ። ገጠር ገብቶ ማደያው ደረቅ ከሆነ፣ በጄሪካን የሚሸጠው ኪስ ያራቁታል።

ቀኑን ስትመርጡ ደግሞ የዘመዶቻችሁን ጾም አትርሱ። አማቴ ሙስሊም ናቸው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ፣ አንዳንድ ዓመት ከትምህርት ቤት እረፍት ጋር ይገጥማል።

መንገዱ ራሱ ትምህርት ቤት ነው

በደሴ በኩል መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን ደሴ ድረስ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በአቀስታ በኩል መመለስ አለ። እኛ የመረጥነው በሱሉልታና በጫንጮ አድርጎ ሙከጡሪ ላይ ከጎጃም መንገድ የሚገነጠለውን ነው። ከለሚ በኋላ መንገዱ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። ደጋው ላይ ጋቢ ተከናንበው የነበሩ ልጆች፣ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ሹራብ አውልቀዋል። ከዚያ ሽቅብ ወደ መርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ፣ እንደገና ቁልቁል ወደ ወንጪት፣ እንደገና ሽቅብ ወደ ጃማ ደጎሎ። ጀማም ወንጪትም ውኃቸው መድረሻው ዓባይ መሆኑን ልጆቹ ከመጽሐፍ ያውቁት ነበር፤ ያን ቀን ግን በዓይናቸው አዩት።

ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ አገኘን። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ እንስሳ ነው፤ እዚያ ደግሞ መግቢያ የሚያስከፍል የለም። ከላላን አልፎ መካነ ሰላም በኩል ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አለ። እርሱ ግን አንድ ቀን፣ ነዳጅና የአስጎብኚ ክፍያ ስለሚጨምር ለሌላ ዓመት አቆየነው። ሁሉን በአንድ ጉዞ ለማየት መሞከር ገንዘብንም ልጆችንም ይጨርሳል።

ደጎሎ ላይ ሻይ ስንጠጣ አያታቸው የማይኖሩበትን ሌላ አቅጣጫ አሳየናቸው፤ የወረኢሉን። በ1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ የሸዋ ጦር እንዲከት የታዘዘው እዚያ ነበር። ትልቁ ልጄ “በእግራቸው ነው የሄዱት?” ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ረዘመ ብሎ አላማረረም።

ለመንገዱ ቆሎ፣ ዳቦና ውኃ ከቤት ያዙ፤ መኪና ለሚያማቸው ልጆች ሎሚ አይለይ። ጎሕ ሲቀድ ተነሱ፣ ሲመሽ አትንዱ። ቁልቁለቱ ላይ ሹፌራችሁ ቆም ብሎ ፍሬን እንዲያቀዘቅዝ ጊዜ ስጡት።

“ቤቴን ሆቴል አደረጋችሁት?”

አራተኛው ዓምዳችን ስኳር፣ ቡና፣ ዘይት፣ ሳሙና እና የአንድ በግ ዋጋ ነበር። ዕቃውን ልጆቹ ተከፋፍለው ተሸክመው ገቡ፤ አማቴ እያንዳንዱን እየሳሙ፣ እየመረቁ ተቀበሉ። ባለቤቴ የበጉን ገንዘብ ሲያወጣ ግን ፊታቸው ተለወጠ። “ቤቴን ሆቴል አደረጋችሁት?” አሉ።

ቤቱ ዝም አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ወንድሙ ወደ ውጭ ወጣ። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ባለቤቴ ቀስ ብሎ እንዲህ አላቸው፤ “እማዬ፣ በጉ ያንቺ ይሁን፤ እንደ ልማድሽ እረጅልን። የዘንድሮው ማዳበሪያ ግን የእኔ ነው፤ መሬቱ የአባቴም አይደል?” ጥቂት አሰቡና “እሱስ የልጅ ወግ ነው” ብለው ተቀበሉት። ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነው። የመስተንግዶ ዋጋ ሲባል ያስከፋቸው፣ ልጅ ለእርሻው ያዋጣው ሲባል አኮራቸው። ከዚያ ወዲህ አራተኛውን ዓምድ “ስጦታ” ማለት ትተን “ድርሻችን” ብለነዋል።

አያቶችም ይህን ብታነቡ፣ ልጆቻችሁ ይዘው የሚመጡትን አትመልሱባቸው። በነጻ የበላ እንግዳ በሚቀጥለው ዓመት ለመምጣት ያፍራል።

መንገዱ ሲዘጋ

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት የተነሳ ይህን መንገድ እንደ ልብ መሄድ አልተቻለም። ዛሬ የሚያቅድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ትናንት ከዚያ የመጡትን ሹፌሮች መናኸሪያ ሄዶ ይጠይቅ፤ ዘመድ ጋም ይደውል። ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይቅር፤ ልጆችን ይዞ አይሞከርም።

እኛም የቀረንባቸው ዓመታት አሉ። ደብተሩን ግን አልዘጋነውም። የመጓጓዣው፣ የመኝታውና የመንገድ ምግቡ ዓምድ ባዶውን ይውላል፤ አራተኛው ግን በየወሩ ይሞላል። እኛ ባንደርስም የዘር ወቅት ይደርሳልና፣ ግንቦት ላይ ድርሻችንን እንልካለን።