የዓሣ ማጥመጃችን ነገር

እኛ የደብረ ማርቆስ ጸሓፊዎች ከሥራ ባረፍን ቁጥር ጨሞጋ ወንዝ ወርደን መንጠቆ መጣል ልማዳችን ነው። ባለፈው ጥር አዲስ አበባ በሄድን ጊዜ፣ ለልጃችን ጫማ ያስቀመጥነውን ገንዘብ ከደመወዛችን ጋር ጨምረን ከባሕር ማዶ የመጣ ባለመዘውር የክር ማጠንጠኛ ገዛን። መዘውሩ ሲዞር ድምፅ የለውም፤ እንደ ልጓም ያለው መያዣውም ብርቱ ዓሣ ሲጎትት ክሩን እያላላ ከመበጠስ ያድነዋል።

በተመለስን ቅዳሜ ይዘነው ወረድን። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ጨሞጋ በበጋ ጠባብ ነውና፣ የወረወርነው ክር ከማዶ ቁጥቋጦ ላይ ተጠመጠመ። በአጠገባችን የነበረ እረኛ ብላቴና ግን በሸምበቆ ዘንግና በአጭር ሲባጎ፣ ትሉን ከድንጋይ ጥላ ሥር አኑሮ፣ ኰሽታ ሳያሰማ ሦስት ዓሣ አወጣ።

ይሁን እንጂ መሣሪያውን ማማት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ጨሞጋ በሚገባበት በዓባይ፣ ውኃው ሰፊ አምባዛውም ኃይለኛ በሆነበት፣ ያ ልጓም ዋጋውን ባወጣ ነበር። ጥፋቱ ውኃችንን ሳንለካ መሣሪያ የመረጥነው የእኛ ነው።

ዛሬ የምንመርጠው በቁራጭ እንጨት ላይ የጠቀለልነውን ሲባጎ ነው። የማጠንጠኛውንስ እውነተኛ ዋጋ ያወቅነው፣ ልጃችን ሁለት ወር ሙሉ በተቀደደ ጫማ ትምህርት ቤት ሲመላለስ በማየታችን ነው።