ላንጋኖና በሰው አገር የተገኘው የቤት ድል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ፥ መቂንና ዛሬ ባቱ የምትባለውን ዝዋይን ካለፈ በኋላ፥ በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች መካከል ይገባል። መንገደኛው ፊቱን ወደ ሻሸመኔ አድርጎ ሲሄድ በግራው ላንጋኖ፥ በቀኙ አብያታና ሻላ ይገኛሉ። ሦስቱም እንደ አንድ እናት ልጆች ተቀራርበው ሳሉ ጠባያቸው ግን ለየብቻ ነው። ሻላ እጅግ ጥልቅ ነው፤ አብያታ ጥልቀቱ ትንሽ፥ ውሃውም ጨዋማ ነው፤ ላንጋኖ ግን ሰው ከነልጆቹ ወርዶ የሚታጠብበትና የሚዋኝበት በመሆኑ ከሦስቱ ይልቅ ለቤተሰብ የተመቸ ነው።

ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ 1,585 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ ሐይቅ ነው። ውሃው በምሥራቅ በኩል ከአርሲ ተራሮች በሚወርዱ ወንዞች ይመጣለታል፤ የተረፈውም በሆራ ቀሎ ወንዝ አድርጎ ወደ አብያታ ይፈስሳል። ሐይቁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው በመልኩ ጥቂት ቅር ይለዋል፤ ውሃው እንደ ሰማይ ሰማያዊ ሳይሆን ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላልና። ዳሩ ግን ይህ ቀለም የእድፍ ምልክት አይደለም፤ እጅግ የደቀቀ አፈር ወደ ታች ሳይዘቅጥ በውሃው ውስጥ ስለሚኖር ነው። እንዲያውም መልካቸው ካማረ ከብዙ ሐይቆች ይልቅ ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ በሽታ ነጻ በመሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ በዳርቻው የተቀመጠ ሰው፥ ነገርን በመልኩ ብቻ መፍረድ እንዳይገባ ከውሃው ይማራል።

ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ብሎ ይቈያል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ግን ማዕበሉ አሸዋውን እየመታ ይጮሃል። በዚያን ሰዓት የባላገር ልጆች ከብቶቻቸውን አጠጥተው ሲያበቁ፥ ጨርቅ ጠቅልለው በገመድ ያሰሩትን ኳስ አውጥተው፥ በወዲህና በወዲያ ሁለት ሁለት ድንጋይ አኑረው ይጫወታሉ። ከከተማ የመጣ የእንግዳ ልጅ ልግባ ቢል አይከለክሉትም። ነገር ግን አሸዋው የት ላይ እግር እንደሚይዝ፥ ነፋሱም ኳሱን ወዴት እንደሚወስድ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና፥ እንግዳው ወገን ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። በገዛ ሜዳ መጫወት ምን ያህል ጥቅም እንዳለው ከዚህ ይልቅ ገልጦ የሚያስረዳ ትምህርት አላየሁም።

ይህ ነገር በልጆች ጨዋታ ብቻ ሳይሆን በአገሮችም ዘንድ የታወቀ ነው። የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲጀመር ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር ለፍጻሜ ተጋጥማ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ በካይሮ በተደረገው ውድድር በዚያው ቍጥር፥ በዚያው ቡድን ተረታች። ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ ሆነ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ግብፅ ሁለት ጊዜ ስትቀድም ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተከትላ አቻ ሆነች፤ በተጨመረው ሰዓትም ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ዋንጫውንም የቡድኑ አለቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ሁለት ጊዜ በሰው ሜዳ ያልተቻለው ግብፅ በገዛ ሜዳችን ተቻለ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዘመን አልፎ፥ ቡድናችን 31 ዓመት ሙሉ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሳይገባ ከቈየ በኋላ፥ ይኸው ነገር እንደ ገና ታየ። በሱዳን አገር በኦምዱርማን 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣው ቡድን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ባገቡት ግብ 2 ለ 0 አሸነፈ። የሁለቱ ጨዋታ ድምር እኩል ሲሆን፥ በውጭ ያገባናቸው ሦስት ግቦች አሳለፉን።

እንግዲህ ስለ ሦስተኛው ድል እናገራለሁ። ይህን ድል ያየሁት በላንጋኖ ዳር ነው።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳር ስታዲየም የሚፈለገውን ደረጃ አላሟላም ብሎ ስለ ከለከለው፥ የአዲስ አበባውም በእድሳት ላይ ስለ ነበረ፥ ቡድናችን እንግዳ የሚቀበልበት ሜዳ በአገሩ አጣ። ከ60,000 በላይ ተመልካች እንዲይዝ ታስቦ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየምም በዚያን ጊዜ ገና አላለቀም ነበር። ስለዚህ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን የተቀበለችው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነው። በመዝገብ ላይ ባለ ሜዳዋ ኢትዮጵያ ተብላ ተጻፈች፤ ሜዳው ግን የማላዊ ነበረ።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ፥ በሐይቁ ዳር ካረፍንበት ቤት ግቢ ቴሌቪዥን ወጥቶ፥ እንግዶችም፥ አሳላፊዎችም፥ ዓሣ አጥማጆችም፥ ከብት ያገቡ እረኞችም ተሰበሰቡ። ተስፋችን ብዙ አልነበረም። ከአራት ቀን በፊት በዚያው ከተማ ማላዊ 2 ለ 1 አሸንፎናል፤ ግብፅም ከአራት ወር በፊት በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ደርሳ በቅጣት ምት ብቻ በሴኔጋል የተረታች ናት። እውነት ነው፥ ስመ ጥሩው መሐመድ ሳላሕ በጉዳት ምክንያት አልተሰለፈም ነበር፤ ቢሆንም ቡድኑ ግብፅ ነው።

በ21ኛው ደቂቃ ዳዋ ሆቴሳ አገባ። በዚያን ዘመን ዳዋ ለአዳማ ከተማ ክለብ ይጫወት ነበረና፥ ከአዳማ የመጡት እንግዶች ከወንበራቸው ተነሥተው እንደ ገዛ ልጃቸው ስሙን ጠሩት። ይህ ሰው በጥር ወር በአፍሪካ ዋንጫ በባለ አገሩ በካሜሩን ላይ ገና በ4ኛው ደቂቃ ግብ ያገባ ነው። በ40ኛው ደቂቃ ደግሞ ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን አገባ። ሽመልስ የሐዋሳ ልጅ ነው፤ ብዙ ዘመንም በግብፅ ክለቦች ሲጫወት የኖረ ስለ ሆነ የተጋጣሚዎቹን ጠባይ ያውቃል። እኛ ከተቀመጥንበት ስፍራ አዳማ በሰሜን፥ ሐዋሳ በደቡብ ናትና፥ ሁለቱ ግቦች ከቀኝና ከግራ ተልከው በላንጋኖ የተገናኙ መሰለን።

ከዕረፍት በኋላ ያለው ሰዓት ለደጋፊ እጅግ የሚከብድ ነው። ሁለት ግብ ይዞ የሚጠብቅ ሰው፥ ገንዘብ ይዞ በሌሊት መንገድ እንደሚሄድ ነጋዴ፥ ቅጠል ቢንኮሻኮሽ ይደነግጣል። አንዱ ሰዓቱን ያያል፤ አንዱ ፊቱን ወደ ሐይቁ መልሶ “ሲያልቅ ንገሩኝ” ይላል። በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ የሚመራው ቡድን ግን ሳይናወጥ ጨረሰው። ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ ግቢው በእልልታ ተመላ፤ ከ30 ዓመት በላይ ያልተቻለው ግብፅ ተሸነፈ።

በአጠገቤ አንድ የአርሲ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተቀምጠው ነበርና፥ ጩኸቱ ሲበርድ ጠየቁኝ፤ “ልጄ፥ ይህ ጨዋታ የተደረገው በማን አገር ነው?”

“በማላዊ ነው፥ አባቴ።”

“ባለ ቤቱ ታዲያ ማን ነው?”

“እኛ ነን። በአገራችን የተፈቀደ ሜዳ ስለ ጠፋ ነው።”

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው፥ “የልጁን ሠርግ በጎረቤት ግቢ የደገሰ ሰው፥ ሙሽራው የእርሱ ቢሆንም እልልታው የሚሰማው ከሰው ደጅ ነው” አሉ።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ድሉ እውነተኛ ድል ነው፤ የላንጋኖ ውሃ መልኩ ቢደፈርስም ጤነኛ እንደ ሆነ ሁሉ፥ በሰው ሜዳ ቢሆንም ከክብሩ የጐደለ ነገር የለም። ነገር ግን በ1954ም በ2005ም ተጫዋቾቹን ያበረታ የወገን ድምፅ በሊሎንግዌ አልነበረም፤ እኛ በሐይቁ ዳር ብንጮህም አይሰሙንም። የቀሩትም የቤት ጨዋታዎቻችን በውጭ አገር ተደርገው አንዱንም ስላላሸነፍን፥ ግብፅን የረታው ቡድን ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሳይገባ ቀረ። ቤት ማጣት ዋጋው ይህን ያህል ነው።

ስለዚህ ሥልጣንና ገንዘብ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ፥ ስታዲየም የጌጥ ሥራ ነው ብሎ እንዳያቃልለው ይገባል። ሣሩን መንከባከብ፥ የመልበሻውን ክፍል ማጽዳት፥ መብራቱን መጠበቅ፥ የተጀመረውንም መፈጸም፥ ኳሱን ከመምታት ያላነሰ ለድል ያስፈልጋሉ። የሜዳ ነገር ደግሞ ከትልቁ ስታዲየም በፊት ከቀበሌ ይጀምራል፤ ልጆች የሚሮጡበት ባዶ መሬት በቤትና በአጥር ሁሉ ሲያዝ ዝም ካልን፥ ነገ የሚሰለፍ ሰው ከየት ይገኛል?

ለአባቶችና ለእናቶችም አንድ ቃል አለኝ። ልጅ ትምህርቱን ካጠና በኋላ ኳስ ቢጫወት ሥራ ፈትቷል ተብሎ አይቈጣ። በ1954ቱ ድል የቡድኑ አሠልጣኝ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ቀድሞ ራሳቸው ተጫዋች ነበሩ፤ በኋላም ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ኳስና ዕውቀት በአንድ ሰው ላይ ሲስማሙ አገርን እንደሚያስከብሩ ከእርሳቸው ይታያል። ልጆቻችን እንግዳን በክብር ተቀብለው፥ በጨዋታ ረትተው፥ በፍቅር የሚሸኙበት ሜዳ በየአውራጃው እንዲኖራቸው ሁላችን እንትጋ።