ስቲልተንና ጎዳናዋ

ያደግሁት የአውቶቡስ መንገደኛ ለምሳ በሚወርድበት መንደር ስለ ሆነ፥ «መንገድ መንደርን ያበለጽጋል» የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። እውነትነቱን አልክድም። ነገር ግን የስቲልተንን ታሪክ ካነበብሁ ወዲህ የአባባሉ ግማሽ የተሰወረ ይመስለኛል።

ስቲልተን በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅሻየር የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። በመካከሏ የሚያልፈውን ጎዳና ጥንት ሮማውያን ሠርተውታል፤ በኋላም ከሎንዶን እስከ ኤዲንበርግ የሚዘልቀው የታላቁ የሰሜን መንገድ ክፍል ሆነ። በ1663 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፈዋለሁ) የእንግሊዝ ፓርላማ፥ መንገደኛ ቀረጥ እየከፈለ እንዲያልፍና ገንዘቡ ለመንገዱ ማደሻ እንዲውል ሲደነግግ፥ ከሦስቱ ኬላዎች አንዱ በስቲልተን እንዲቆም ታዝዞ ነበር። የአካባቢው ሰዎች አጥብቀው ስለ ተቃወሙ ግን ኬላው ሳይተከል ቀረ።

በሚከተለው መቶ ዓመት መንደሪቱ የሰረገላ ማረፊያ ሆነች። ፈረስ ይለወጣል፤ መንገደኛው ይበላል፤ ያድራል። ከእንግዳ ማረፊያዎቹ ሁሉ የታወቀው «ደወል» የሚባለው ሲሆን፥ ባለቤቱ ኩፐር ቶርንሂል ብርቱ ፈረሰኛ ነበር። በ1745 ተወራርዶ፥ ፈረስ እየለወጠ ከስቲልተን ወደ ሎንዶን፥ ከሎንዶን ወደ ስቲልተን፥ ዳግመኛም ወደ ሎንዶን በመጋለብ 213 ማይል ያህል በ12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ጨረሰ። እኔን ግን ከግልቢያው ይልቅ የሚገርመኝ ንግዱ ነው። ሰማያዊ ሥር ያለው አይብ፥ በአብዛኛው ከሌስተርሻየር ገጠር እየመጣ፥ በዚሁ ደጃፍ ለመንገደኛ ይሸጥ ነበር። ገዢውም የሠሪዋን መንደር ስለማያውቅ የሻጩን መንደር ስም ሰጠው።

በ1850 የባቡር ሐዲድ መንደሪቱን በስተምሥራቅ ትቷት አለፈ፤ ሰረገሎቹም ጠፉ። አውቶሞቢል ሲመጣ ጎዳናው እንደገና ነፍስ ዘራ፤ ይሁን እንጂ የከባድ መኪና ጭስና ጩኸት አብሮ መጣ። በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ መንገድ በጎን ተሠርቶ ስቲልተን ጸጥ አለች። በዚያ ጸጥታ እንቅልፍ ያገኘም፥ ገበያውን ያጣም ነበረ፤ ሁለቱም ጎረቤታሞች ናቸው።

ስሟስ? ከ1996 ጀምሮ በጸና ሕግ፥ «ስቲልተን» ተብሎ የሚሸጠው አይብ በደርቢሻየር፥ በሌስተርሻየርና በኖቲንግሃምሻየር ብቻ እንዲሠራ ተወስኗል። ስቲልተን ከሦስቱም ውጭ ናት። የመንደሩ ሰዎች እንዲፈቀድላቸው ያቀረቡት አቤቱታ ተቀባይነት አላገኘም። ጎዳናዋ ግን ዛሬም ለመንደር የማይመጥን ስፋት አላት።