ጀግናው ሲቀየር



የአመራር ርክክባችን ደርሷል። ተመራቂዎቻችን ኃላፊነታቸውን ያስረክባሉ፤ ሹራው አዲስ አሚር ይመርጣል፤ እንደየዓመቱም በካፌ ሰልፍ ላይ «መሆን የነበረበት እኮ እከሌ ነው» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ስጠየቅ ቀድሞ ወደ አእምሮዬ የመጣው ግን ሹራም አሚርም አልነበረም። ጌም ነው።

«አሁን ጌም ምን አገባው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጌም ስለመጫወት ብይን የሚሰጡት ኡስታዞቻችን ናቸው። እነዚህ ጌሞች ውስጥ ድግምትም፣ ሌላ የማይመቸን ነገርም ሞልቷል። ሶላት የሚያስረሳ ከሆነ ደግሞ ጥያቄም አያስፈልገውም። እኔ የማነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በተከታታይ ታሪክ ውስጥ የታሰበው ጀግና በሌላ ሲተካ ምን ይሆናል?

በዶርማችን ብዙው ሰው የሚያውቀው የኳስ ጌም ነው። እዚያ ቡድን ብትቀይር ማንም ቅር አይለውም። አርፒጂ የሚባለው ዓይነት ግን የተለየ ነው። ተጫዋቹ በምናብ ዓለም ውስጥ የአንድ ሰው ሚና ይይዛል፤ ምን እንደሚናገር፣ ማንን እንደሚምር፣ ከማን ጋር እንደሚወዳጅ ይወስንለታል። አንዱን ታሪክ ለመጨረስ ከሃምሳ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሴሚስተሩን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ በጓደኛህ ላፕቶፕ ላይ አብረኸው ከከረምክ በኋላ፣ ቀጣዩ ክፍል ሲወጣ «ከእንግዲህ አንተ እሱ አይደለህም» ስትባል፣ ከቤትህ የተባረርክ ያህል ይሰማሃል።

ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። የመጀመሪያው የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ የሠራው «ዘ ዊቸር» ነው። ታሪኩ ከፖላንዳዊው ደራሲ ከአንድዜ ሳፕኮቭስኪ መጻሕፍት የተቀዳ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ በ2011 እና በ2015 በወጡት ሦስት ክፍሎች ዋናው ሰው ጌራልት ነው። ዛሬ ጌሙን ያለ ጌራልት ማሰብ ያስቸግራል። ሲጀመር ግን የታቀደው ጀግና እሱ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ላይ ቤሬንጋር የሚባል ሌላ ሰው ነበር የታሰበው። ሐሳቡ ተቀየረና ጌራልት ገባ። ቤሬንጋር ግን አልተጣለም፤ በ2007ቱ ጌም ውስጥ በትንሽ ሚና ይገኛል፤ ፈልጎ ላገኘው የሚያካፍለው ታሪክም አለው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ኩባንያው አራተኛውን ክፍል ሲያስተዋውቅ ጀግናዋ ሲሪ መሆኗን አሳየ። ጌራልት እንደ ልጁ ያሳደጋት ናት። ያጉረመረመ ሰው ብዙ ነው። ሦስተኛውን ክፍል የጨረሰ ሰው ግን ነገሩ ዱብ ዕዳ እንዳልሆነ ያውቃል። የዚያ ጌም ታሪክ በአብዛኛው ጌራልት እሷን ፍለጋ የሚንከራተትበት ነው፤ በመሐል በመሐልም ተጫዋቹ ራሷን ሲሪን ሆኖ የሚጫወትባቸው አጫጭር ቦታዎች አሉ። ተተኪዋ አሮጌው ጀግና ሳይሄድ በፊት ሥራው ውስጥ ነበረች።

ሁለተኛው ምሳሌ የካናዳው ባዮዌር «ድራገን ኤጅ» ነው። ይህ ከመነሻው በየክፍሉ ጀግና ይቀይራል። በ2009 ዋርደን የሚባለው ተዋጊ፣ በ2011 ስደተኛው ሆክ፣ በ2014 ኢንኩዊዚተር። ዓለሙ አንድ ነው፤ ሰው ይለዋወጣል። ተጫዋቹ ይህንን ለምዶታል። ምክንያቱም በፊተኛው ክፍል የወሰነው ውሳኔ በኋለኛው ይከተለው ነበር። በአንደኛው ያነገሥከው ንጉሥ በሦስተኛው ዙፋኑ ላይ ታገኘዋለህ።

ችግሩ የመጣው በአራተኛው ነው። የሦስተኛው ክፍል የመጨረሻ ተጨማሪ ታሪክ በ2015 ሲወጣ፣ የኢንኩዊዚተሩ የቅርብ ባልደረባ የነበረው ሶላስ ሌላ ዓላማ እንዳለው ይገለጣል፤ ኢንኩዊዚተሩም ሊያስቆመው ወይም ሊመልሰው ቃል ይገባል። ታሪኩ እዚያ ላይ ቆመ። ኩባንያው የጀመረውን ሥራ በ2017 አቋርጦ እንደ አዲስ ጀመረ፤ ጌሙን በብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጫወቱት ሊያደርገው ሞክሮ ተመለሰ። አራተኛው ክፍል በጥቅምት 2024 መጨረሻ ሲወጣ ቃሉን የገባው ኢንኩዊዚተር ረዳት ሆኖ፣ ዋናው ሰው ደግሞ ሩክ የሚባል አዲስ ሰው ሆኖ ተገኘ። በቀደሙት ሦስት ክፍሎች ከተወሰኑት ብዙ ውሳኔዎች ወደዚህ የተሻገሩት ሦስት ብቻ ናቸው። በጥር 2025 አሳታሚው ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተጫዋቹ ቁጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን መሆኑን፣ ይህም ከጠበቀው በግማሽ ያህል ማነሱን አስታወቀ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም። ብዙ ተጫዋቾችን ያስቀየመው ግን የጀግናው መቀየር ራሱ አይመስለኝም፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ተቀብለውታል። ያስቀየማቸው አዲሱ ሰው የአሮጌውን ሒሳብ ሳይረከብ መምጣቱ ነው።

ይህን ሳስብ ወደ ሙእታ ዘመቻ ሄድኩ። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጦሩን ሲልኩ አንድ መሪ ብቻ አልሾሙም። ዘይድ ኢብን ሓሪሳን ሾሙ፤ እሱ ቢወድቅ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ፣ ጃዕፈር ቢወድቅ ዐብደላህ ኢብን ረዋሓ እንዲተካ አዘዙ። ጃዕፈር (ረ.ዐ.) ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ እስልምና የተናገረው እሱ ነው። ከሐበሻ ከተመለሰ ገና ዓመት ከጥቂት ወር ቢሆነው ነው። ሦስቱም ተራ በተራ ሸሂድ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ በዕቅዱ ውስጥ ስም አልነበረም። ባንዲራውን ያነሳው ሳቢት ኢብን አቅረም (ረ.ዐ.) ነው። ለራሱ ግን አልያዘውም፤ ሰው እንዲመርጡ ጠየቀ፣ በኻሊድ ኢብኑል ወሊድም ተስማሙ። ኻሊድ (ረ.ዐ.) ከሰለመ ገና ወራት ብቻ ነበሩ። በኡሑድ ቀን ከዚያኛው ወገን ሆኖ ሙስሊሞችን ወግቷል። «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» ለማለት ከዚህ የተመቸ ቀን አልነበረም። ግን ባንዲራውን ሰጡት፣ እሱም ጦሩን ይዞ ወጣ። የታቀዱት ሦስቱ ባንዲራውን እስከ ሕይወታቸው መጨረሻ ያዙት፤ ያልታቀደው አራተኛ ከወደቁበት ቦታ ተቀበለው። ሳቢትን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። በሁለቱ መሐል ግን ባንዲራውን መሬት ያላስነካው እሱ ነው።

እኔ ይህ ነገር ከሩቅ አይደለም የሚሰማኝ። ኩልመስክ ውስጥ አጎቴ ልጆችን ቁርኣን የሚያስቀሩበት ትንሽ መድረሳ አለች። ወራሻቸው እንዲሆን የታሰበው ታላቅ ወንድሜ ነበር። ጦርነቱ በ2013 ክረምት ላስታ ከደረሰ በኋላ ኑሮ ሲከብድ እሱ ወደ ሳዑዲ ወጣ። ተራው ለእኔ ደረሰ። ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት እያልኩ አደግኩ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር አጎቴ እኔን እያሳዩ «ወንበሬን የሚይዘው ይኼ ነው» ይሉ ነበር። ከዚያ የ12ኛ ክፍል ውጤት መጣና ምህንድስና ገባሁ።

ዛሬ ሕፃናቱን አሊፍ፣ ባ የምታስቆጥረው ታናሽ እህቴ ናት። እሷን ማንም ለወንበር አላሰባትም ነበር። ባለፈው እረፍት ሄጄ በር ላይ ቆሜ ሳዳምጣት ደስታም ቅናትም ተደባለቀብኝ። ከሁሉ የገረመኝ አንድ ያረጀ ደብተር ነው። ወንድሜ ከመሄዱ በፊት እያንዳንዱ ልጅ የትኛው ሱራ ላይ እንደደረሰ፣ የትኛው ሐርፍ እንደሚያስቸግረው፣ የማን ቤት ሩቅ ስለሆነ ቶሎ መለቀቅ እንዳለበት የጻፈበት ነው። እኔም ጥቂት ገጽ ጨምሬበታለሁ። እሷ ከዚያው ቀጥላለች። ስለዚህ ሦስት አስተማሪ ሲፈራረቅ አንድም ልጅ ከአሊፍ እንደገና እንዲጀምር አልተደረገም። አጎቴን «ቅር አላለዎትም ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጆቹ እየቀሩ ነው፤ ምን ቅር ይለኛል ልጄ?» አሉኝ።

በሙያችንም ይኸው አለ። ሕንፃ ሲጠናቀቅ ለባለቤቱ ከሚሰጡት ሰነዶች አንዱ አዝ ቢልት የሚባለው ሥዕል ነው። የታቀደውን ሳይሆን በእርግጥ የተሠራውን ያሳያል፤ የውኃ ቧንቧው ከዕቅዱ ወጥቶ በየት በኩል እንዳለፈ፣ የትኛው ግድግዳ እንደተነሳ። ኋላ የሚጠግነው ሰው ያ ሥዕል ከሌለው ግድግዳ እየበሳ ይፈልጋል።

እንግዲህ ለምታስረክቡ ወንድሞችና እህቶች የምለው ይህ ነው። ለተተኪዎቻችሁ የዓመቱን ዕቅድ ብቻ አትስጡ። የሆነውን ስጡ። የትኛው ደርስ በፈተና ሰሞን እንደተቋረጠ፣ ከማን ተበድረን ስንት እንደቀረብን፣ በረመዷን ለአፍጥር ማን ድስት እንዳዋሰን፣ የትኛው አዲስ ገቢ ተማሪ የትራንስፖርት ችግር እንዳለበት ጻፉት። የእህቶች ክፍል የራሱን ይጻፍ፤ ሌላ ሰው በግምት አይጻፍለት። ተተኪያችሁንም ከርክክቡ ቀን በፊት ሥራው ውስጥ አስገቡት።

ለምትረከቡት ደግሞ፦ ያለፈው አሚር የገባውን ቃል የራሳችሁ ቃል አድርጋችሁ ያዙት። ለአንድ ችግረኛ ተማሪ «እንረዳሃለን» ተብሎ ከሆነ፣ እሱ የሚያውቀው ጀመዓውን እንጂ የአሚሩን ስም አይደለም።

«እኔ ነበርኩ የታሰብኩት» ብሎ ልቡ ለተሰበረ ወንድም ወይም እህት፦ ስሜቱን አውቀዋለሁ፣ ይከብዳል። ግን ደብተሩ ላይ የምትጨምረው ገጽ አለህ። በዚህ ርክክብ እንደ ሳቢት ለሚሆን ሰው ቦታ አለ፤ ከአላህ ዘንድ ያለውንም ምንዳ ማንም አይወስድበትም።

አላህ አማናውን በሚገባ የሚያስረክቡና በሚገባ የሚረከቡ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።