ልክን የሚያውቅ እጅ

የሥራን ክብር በሠራተኛው ብዛትና በሕንፃው ከፍታ የሚለኩ ሰዎች ብዙ ናቸው። የአንድ ቤተሰብ ልጅ ተምሮ ሥራ ሲይዝ፣ ዘመድ ወዳጁ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ይሠራል?» ብሎ ሳይሆን «የት ገባ?» ብሎ ነው። መልሱ ስሙ የገነነ ታላቅ መሥሪያ ቤት የሆነ እንደ ሆነ እልል ይባላል፤ «ቆሼ አጠገብ ካለች አንዲት አነስተኛ የምሕንድስና ድርጅት» የተባለ እንደ ሆነ ግን፣ ጠያቂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለጊዜው ነው፤ እግዚአብሔር የተሻለውን ያመጣለታል» እያለ ወላጆቹን ያጽናናል። እንዲህ ያለውን ማጽናኛ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ስለዚህ በእንደዚህ ያለች ድርጅት ውስጥ መሥራት በእርግጥ ምን እንደሚመስል፣ በዓይናችን ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

እኛ በሙያችን መምህር ነን። በልጅነታችን ዲቁና ተቀብለን በአብነት ትምህርት ቤት አደግን፤ ኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት ተምረን፣ ይኸው ዕድሜያችንን በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ መካከል እናሳልፋለን። ነገር ግን ከማስተማሩ በተረፈን ሰዓትና በየቅዳሜው፣ የአንዲት አነስተኛ ድርጅት ደብዳቤ በመጻፍ፣ መዝገብ በመያዝና ለለማጆቹ ስሌት በማስተማር ሦስት ዓመት አገልግለናል። የድርጅቲቱ ሰዎች እኛን ጨምሮ ዘጠኝ ነበሩ፤ መሐንዲስ የሆነው ባለቤቷ፣ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣ አንድ ወጣት መሐንዲስ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው አንድ አረጋዊ በያጅ፣ አንድ የቶርኖ ሠራተኛ፣ ሦስት ለማጆችና አንድ ዘበኛ። እኛን ደግሞ፣ የድሮ ትምህርታችንን ሰምተው ኖሮ፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «የኔታ» አሉን። ሥራቸው የጣራ ብረት መገጣጠም፣ በርና መስኮት መሥራት፣ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ ማቆም፣ የወፍጮና የዳቦ ቤት መኪና መጠገን ነበር።

ስለ ሥራው ከመናገራችን በፊት ስለ ሥፍራው ጥቂት ማለት ይገባል። በኮልፌ ቀራንዮ በኩል ያለው ቆሼ፣ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ የተከመረበት፣ 36 ሄክታር ያህል የሚሰፋ ቦታ ነው። በክምሩ ላይ ብረትና ፕላስቲክ ለቅመው ለቁራሌው በመሸጥ ልጅ ያሳደጉ እናቶች አሉ፤ በክምሩ ሥርም መኖሪያ ቤቶች ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ፣ በዐቢይ ጾም፣ በመጻጉዕ እሑድ ዋዜማ፣ ያ ክምር ተንዶ በቤቶቹ ላይ ወረደ። ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ።

ይህንን የምናነሣው የሰውን ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። የጤፍ ነዶ የሚከምር ገበሬ እንኳ ክምሩን ከሥሩ አስፍቶ፣ ወደ ላይ እያጠበበ ይከምራል፤ ይህን ባያደርግ ክምሩ እንደማይቆምለት ያውቃልና። ሸክም ሁሉ ልክ አለው፤ ልኩ ሲታለፍም የሚከፍለው ብዙ ጊዜ የከመረው ሰው ሳይሆን ከሥር ያደረው ነው። በዚህ ሰፈር የሚሠራ መሐንዲስ ወይም በያጅ ይህን ነገር ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንመለስ። በትንሽ ድርጅት ውስጥ «ይህ የእኔ ድርሻ አይደለም» የሚል ቃል አይሠራም። ወጣቱ መሐንዲስ ጠዋት በኮምፒዩተር ሥዕል ይነድፋል፤ ረፋዱ ላይ ከለማጆቹ ጋር ብረት ከመኪና ያራግፋል፤ ከሰዓት በኋላ መርካቶ ወርዶ የኤሌክትሮድ ዋጋ ይጠይቃል። መብራት የሄደ እንደ ሆነ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ማታ ሲመጣ ደግሞ እራቱን ትቶ ይነሣል። ለአንድ ሥራ ዋጋ ሰጥተን ፕሮፎርማ ካስገባን በኋላ፣ ውጤቱ እስኪነገር ድረስ የብረት ዋጋ ይጨምራል፤ ጨረታውን ማሸነፍም ኪሳራ ይሆናል። ሙያ የለመደውን ልጅ ደግሞ ትልቁ ድርጅት በተሻለ ደመወዝ ይወስደዋል። በሦስቱ ዓመት ውስጥ ሁለት ለማጆች እንዲህ ሄደዋል፤ ቤተሰብ የሚረዳ ልጅ ስለ ሆኑም ማንም አልወቀሳቸውም። በመዝገባችን ላይ ደመወዝ በቀኑ ያልተከፈለባቸው ወራት ጥቂት አልነበሩም። ይህን ሸሽገን የትንሽ ድርጅትን ኑሮ ብናወድስ ወላጆችን ማታለል ይሆንብናል።

ሆኖም ትምህርቱን ስንመለከት፣ የአብነቱን ትምህርት ቤት የሚመስል ሌላ ቦታ አላየንም። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ቃሉ ተሰብሮ ሲወጣ እዚያው በዚያው ይታረማል። ጋሼም እንደዚሁ ነበሩ። ለማጁ በይዶ ሲጨርስ፣ ከብየዳው ላይ የተጋገረውን ቅርፊት በመዶሻ አራግፈው ዓይናቸውን ጠጋ ያደርጋሉ። ላዩ ያማረ ብየዳ ውስጡ ሳይያያዝ ሊቀር እንደሚችል፣ የብረቱ ጠርዝ ካልቀለጠ ኤሌክትሮዱ እንደ ሰም ተለጥፎ ብቻ እንደሚቀር ያስረዳሉ። ከዚያም «ልጄ፣ ቀለም የብየዳ መጋረጃ ነው፤ አንተ ከመጋረጃው ኋላ ያለውን ሥራ» ይላሉ። ቱንቢ ሲያወርዱ ነፋሱ ጸጥ እስኪል ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ከለማጆቹ አንዱ ነቢዩ አሞጽ በራእይ ያየው ቱንቢ ይኸው እንደ ሆነ ጠየቀን፤ ይኸው መሆኑን ስንነግረው፣ ክሩን እንደ አዲስ ነገር አገላብጦ ተመለከተው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ በትንሽ ድርጅት የሚለካውም፣ የሚቈርጠውም፣ የሚበይደውም፣ ዕቃውን ወስዶ የሚተክለውም ያው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ በሠራው ነገር ሥር የሚኖረውን ሰው ፊቱን ያየዋል። ይህን የሚያስረዳ አንድ ነገር በዓይናችን አይተናል።

አንድ ሰው በግቢው ውስጥ ከሠራቸው የኪራይ ክፍሎች አጠገብ፣ 2,000 ሊትር ለሚይዝ ሮቶ የብረት ማስቀመጫ እንዲቆምለት ጠየቀ። ቀብድ ከፈለ፤ ጋሼም አንድ ለማጅ ይዘው ሊለኩ ሄዱ። ወጣቱ መሐንዲስ ስሌቱን ሠራ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና፣ የሞላ ታንከር ማለት 20 ኩንታል በአራት እግር ላይ መስቀል ነው። እግሮቹ ውፍረታቸው 3 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦላሬ እንዲሠሩ፣ በመካከላቸውም አግድምና ሰያፍ ማጠንከሪያ እንዲገባ ተወሰነ። ባለ ጉዳዩ ግን ዋጋውን አይቶ በ1.5 ሚሊ ሜትር ብረት፣ ያለ ሰያፉ እንዲሠራለት ፈለገ። «ከቀለም በኋላ ማን ያየዋል? ጎረቤቴም እንዲሁ ነው ያሠራው» አለ።

ጊዜው የወር መጨረሻ ነበር። በባንክ ያለው ገንዘብ ለደመወዝ እንደማይበቃ ከባለቤቱ ቀጥሎ የምናውቅ እኛ ነበርን። ባለቤቱ ዝም ብሎ ወረቀቱን ሲመለከት ቈየ። በዚህን ጊዜ ጋሼ፣ ሳይጠየቁ መናገር ልማዳቸው ያልሆነው፣ ቆባቸውን አውልቀው «ጌታዬ፣ ስለካ ከሥሩ ካለችው ክፍል በር ላይ የሕፃን ጨርቅ ተሰጥቶ አይቻለሁ። ቀጭኑ ብረት ዛሬ ቢቆም፣ ዝገት ከበላው በኋላ ምን ይተርፈዋል? እኔ አልበይደውም። ከፈለጉ ልጆቹ ይበይዱት» አሉ። ልጆቹም አንገታቸውን ደፉ። ባለቤቱ ጥቂት አሰበና ለባለ ጉዳዩ «ወንድሜ፣ በዚህ ልክ ከሆነ እንሠራለን፤ ካልሆነ ቀብድህ ይኸውልህ» አለው። ሰውየው ቀብዱን ተቀብሎ እየተቈጣ ሄደ።

በዚያ ወር ደመወዝ በ12 ቀን ዘገየ። ባለቤቱ ከዕቁብ ጓደኞቹ አንዱን ለምኖ ዕጣውን በማስቀደም ከፈለ። ከለማጆቹ አንዱ የቤት ኪራይ አጥሮት ከአክስቱ ዘንድ ሄዶ ሰነበተ፤ ጋሼም ለቤታቸው ጤፍ በዱቤ ወሰዱ። በልክ መሥራት ዋጋው ይህን ያህል ነበር፤ የተከፈለውም ከድሆች መሶብ ነው።

አንባቢዎቻችን «ከዚያስ ያ ማስቀመጫ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ሰውየው ሌላ ዘንድ በቀጭኑ ብረት አሠራው። እኛ እስካየነው ጊዜ ድረስ አልወደቀም። ጋሼ በዚያ መንገድ ባለፉ ቍጥር ቀና ብለው ያዩታል። አንድ ጊዜ «እንደ ፈሩት አልሆነም» ብንላቸው፣ «እሰየው! እንዳይወድቅ እጸልያለሁ። በእኔ እጅ አለመሠራቱ ግን እንቅልፍ ይሰጠኛል» አሉን። መልካም ሥራ ሁልጊዜ ምስክር አይቆምለትም፤ የቆመ ቤት ለምን እንደ ቆመ ማንም አይጠይቅምና።

ይህን ስንል ትልቁን ሥራ መናቃችን አይደለም። በዚያው በረጲ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ የኃይል ማመንጫ ተመርቋል። አሠራሩ ቆሻሻውን አቃጥሎ በሙቀቱ ውሃን ወደ እንፋሎት መለወጥ፣ እንፋሎቱም ተርባይን እንዲያሽከረክርና ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ለማጆቻችን የጭስ መውጫውን ከሩቅ እያዩ «እዚያ ብንገባ!» ይሉ ነበር፤ ምኞታቸውም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በዚያም ያለው እያንዳንዱ ብየዳ የአንድ ሰው እጅ ሥራ ነው። በሌላ በኩል ከቆሼ ብዙ በማይርቀው በዘነበ ወርቅ፣ በአለርት ሆስፒታል፣ በሥጋ ደዌ ምክንያት እግራቸው ለደነዘዘ ሕሙማን ልዩ ጫማ የሚሠራበት ክፍል አለ። እግሩ የማይሰማው ሰው ጫማ ቢያቆስለውም አያውቅም፤ ስለዚህ ስለ እርሱ ሆኖ የሚጠነቀቅለት ሠሪው ነው። ከተርባይኑ ይልቅ ሥራው ትንሽ ቢመስልም፣ የሚጠይቀው ልክ ግን አያንስም።

በአገራችን ባለ እጅን መናቅ የቈየ በሽታ ነው። ቀጥቃጩን በስድብ ስም የሚጠሩ ሰዎች፣ ማረሻውንና መጥረቢያውን ግን ከእጁ ይቀበሉ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከለከሉ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ስድቡ ዛሬ ቢቀንስም፣ «ለጊዜው ነው» የሚለው ማጽናኛ የዚያው ንቀት ርዝራዥ መሆኑን ልብ ልንለው ይገባል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ በአነስተኛ ድርጅት ሥራ ቢይዝ፣ ደመወዙ በቀኑ ይከፈል እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም። ከዚያ ግን ሌላ ጥያቄ ጨምሩ፤ «በዚያ ቤት ልክ ያልሆነውን ነገር አልሠራም የሚል ሰው አለ ወይ? ያለስ እንደ ሆነ ባለቤቱ ይሰማዋል ወይ?» በሉት። መልሱ «አዎን» ከሆነ፣ ልጁ ማታ እጁ ጠቍሮ ሲመለስ ውሃ አሙቁለት፤ እራት አቅርባችሁም ቀን ምን እንደ ለካ አጫውቱት።