ሰፌዱ ግድግዳ ላይ፣ ጡት ማስያዣው ፍራሽ ሥር

በዚህ መጽሔት ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ማነስና ስለ ምግብ ቤቱ ሽሮ መቅጠን ብዙ ተጽፏል። ስለ ጡት ማስያዣ ግን የጻፈ ሰው አላየንም። እንግዲህ ዛሬ እኛ እንጽፋለን። አርእስቱን አይተው ፈገግ ያሉ ወንድሞቻችን ካሉ ፈገግታቸውን እስኪጨርሱ እንጠብቃቸዋለን፤ ከዚያ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው አብረውን እንዲዘልቁ እንለምናለን። ጫማቸው ቅርጹን እንዳይለቅ ጋዜጣ ጠቅጥቀው የሚያሳድሩ እነርሱ ስለ ሆኑ ነገሩ አይጠፋቸውም።

እኛ ማለት በአርትስ ፋኩልቲ የምንማር አራት ሴቶች ነን። የምንኖረው በላምበረት፣ ከመናኸሪያው ወደ የካ ኮረብታ በሚያወጣው መንገድ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነው። የሰፈሩን ስም ለሁለት ከፍለው «ከላም በረት መጡ» የሚሉን ቀልደኞች ከትምህርት ጓደኞቻችን መካከል አልጠፉም፤ እኛም ለምደነዋል። ክፍሏ ሁለት ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ግድግዳው ላይ የተመቱ ሰባት ምስማሮች አሏት። ቁም ሳጥን የላትም። የአራታችን ልብስ የሚያድረው ከአልጋ ሥር ባሉ ሻንጣዎችና በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነው።

ነገሩ የቅንጦት ወሬ የሚመስለው ሰው ሒሳቡን ይመልከት። በገበያ የምናገኘው ጡት ማስያዣ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አገር የመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ተመን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ወሩ ሳይሞላ ከ100 ብር አለፈ። ይህ በኢኮኖሚክስ መምህራን ዘንድ ጥልቅ ትርጕም ይኖረዋል። በእኛ ዘንድ ግን ትርጕሙ፣ ሾላ ገበያ ወርደን የምንገዛው አንድ ደኅና ጡት ማስያዣ የሁለት ሳምንት የታክሲ ሒሳባችንን የሚበላ መሆኑ ነው። እንዲህ ተገዝቶ በሦስት ወሩ ቅርጹ ከጠፋ፣ ከመጽሐፍ ፎቶ ኮፒና ከምሳ እየተቀነሰ ሌላ ይገዛል ማለት ነው።

የእናቶቻችንን ቤት እናስብ። ነጠላና ቀሚስ በእጥፉ ልክ ታጥፎ ሳጥን ይገባል፤ ጠጅ ሣር ወይም አሪቲ ጣል ይደረግበታል። መቀነት ይጠቀለላል። ሰፌድ ግን አይታጠፍም፣ አይጠቀለልም፣ ዕቃም አይጫንበትም፤ ጠርዙ እንዳይጣመም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። መሶብም እንዲሁ ራሱን ችሎ ይቆማል እንጂ በላዩ ጆንያ የሚያስቀምጥበት የለም። ስለዚህ ቅርጽ ያለው ዕቃ እንዴት እንደሚቀመጥ ቤታችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ነው። ለጡት ማስያዣ ሲሆን ብቻ ይህ ዕውቀት ይጠፋል፤ ምክንያቱም ጡት ማስያዣ በቤቱ ውስጥ የታወቀ ስፍራ አልተሰጠውም። ከሻንጣ ጥግ ተወትፎ፣ በፌስታል ተቋጥሮ ወይም ከፍራሽ ሥር ተደብቆ ያድራል። በፍራሹ ላይ ደግሞ ሰው ይተኛበታል።

ዕቃው እንዴት እንደ ተሠራ ማየት ይጠቅማል። ለአጻጻፍ እንዲመቸን ጡትን የሚቀበለውን ጎድጓዳ ክፍል ኩባያ፣ ደረትን ዞሮ ጀርባ ላይ የሚቆለፈውን መቀነት፣ በትከሻ የሚያልፈውን ማንገቻ እንበላቸው። ብዙ ሰው ሸክሙን የሚችለው ማንገቻው ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሚበዛውን ሥራ የሚሠራው መቀነቱ ነው። መቀነቱ ሲላላ ሥራው ሁሉ በማንገቻው ላይ ይወድቅና ትከሻ ይቈርጣል። በኩባያው ውስጥ ስፖንጅ፣ ከሥሩም እንደ ቀስት የታጠፈ ሽቦ ያላቸው አሉ። ስፖንጁ ታጥፎ ከከረመ ስንጥቅ የመሰለ መሥመር ይይዛል፤ ያም መሥመር በሸሚዝ ላይ ሳይቀር ይታያል። ሽቦው ከተጣመመ ደግሞ ጨርቁን በስቶ ወጥቶ ከብብት ሥር ይወጋል። የሁለት ሰዓት የታሪክ ትምህርት በዚህ ሁኔታ ተቀምጣ የተከታተለች ሴት ስለ ዐድዋ ጦርነት የምታስታውሰው ጥቂት ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1914 ሜሪ ፌልፕስ ጄኮብ የምትባል አሜሪካዊት ከሁለት መሐረብና ከጥብጣብ የሠራችውን ጡት ማስያዣ በፓተንት አስመዘገበች፤ ኋላም መብቱን ዋርነር ለሚባል የኮርሴት ኩባንያ በ1,500 ዶላር ሸጠችው። መሐረብ ታጥፎ ኪስ ቢገባ ምንም አይሆንም። ችግሩ የመጣው ከላስቲኩ ጋር ነው። በ1958 ጆሴፍ ሺቨርስ የተባለ የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት፣ ዛሬ ላይክራ በሚል የንግድ ስም የምናውቀውን ክር ሠራ። ይህ ክር ሲስቡት የርዝመቱን ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ሲለቁት ተመልሶ ይሰበሰባል። ሆኖም ጠላቶች አሉት። ኃይለኛ ሙቀት፣ ክሎሪን፣ የፀሐይ ብርሃን፣ ላብና የሰውነት ቅባት ቀስ በቀስ ያደክሙታል። በረኪና ደግሞ ክሎሪን ያለበት ነገር ስለ ሆነ፣ ነጭ ጡት ማስያዣ በበረኪና የሚዘፈዝፍ ሰው ንጣቱን ሲያገኝ መቀነቱን ያጣል። ፀሐዩንም ቢሆን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናትና፣ ብርዱ አያታልለን እንጂ ብርሃኑ ከቆላው ይልቅ ጨርቅ ይጎዳል።

አሁን ወደ ግቢያችን እንመለስ። በግቢው ያለው የልብስ ማስጫ ገመድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከዋናው በር ፊት ለፊት ተወጥሯል። እትዬ እያልን የምንጠራቸው አከራያችን ደግ ሴት ናቸው፤ ቡና ሲያፈሉ ሳይጠሩን አይቀሩም። ነገር ግን በገባን በሳምንቱ «ልጆቼ፣ ወንድ ወጪ ወራጅ ባለበት ይኼ ነገር አደባባይ አይሰጣም» ብለው ከለከሉን። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ከነጠላ ሥር ሆነ። ከነጠላ ሥር የተሰጣ ጡት ማስያዣ በበጋ እንኳ ቶሎ አይደርቅም፤ በክረምት፣ ጉሙ ከእንጦጦና ከየካ ራስ ወርዶ እስከ እኩለ ቀን ሳይገፈፍ በሚውልበት ጊዜማ ሦስት ቀን ይፈጃል። ስፖንጁ ውኃውን ይዞ ይቆይና ይሸታል። ጠዋት በ12 ሰዓት ተነሥታ በመገናኛ በኩል ስድስት ኪሎ መድረስ ያለባት ሴት ደግሞ ሦስት ቀን አትጠብቅም፤ እርጥቡን ለብሳ ትወጣለች። ከጡት ሥር ያለው ቆዳ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙበት ፈንገስ የሚወደው ስፍራ ይሆናል፤ ያሳክካል፣ ይላጣል፣ ስለርሱም ለሐኪም መናገር እንኳ ያሳፍራል። በአንድ ነውር ላይ ሌላ ነውር ተጨመረ ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ ቡና ተጠርተን ሳለ ከመካከላችን አንዲቱ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሰፌዶች አየችና፣

«እትዬ፣ ሰፌዱን ለምን ሰቀሉት?» ብላ ጠየቀች።

«እንዳይጎብጥብኝ ነዋ! ምን ዐይነት ጥያቄ ነው?»

«እኛም እኮ የምንለምንዎ እንዳይጎብጥብን ነው።»

እትዬ ስኒውን አስቀምጠው እስኪበቃቸው ሳቁ። «እስኪ አምጪልኝ» አሉ። የመጣላቸውን ተቀብለው ሽቦውን በጣታቸው ተከተሉት፤ ከተጣመመበት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ዋጋውን ጠየቁ። ሲነገራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «በዚህስ ዶሮ ይገዛ ነበር» አሉ። በማግሥቱ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ከክፈፉ ሥር፣ ሁለት ሜትር ያህል የሲባጎ ገመድ በገዛ እጃቸው ወጠሩልን። ስፍራው ነፋስ እንጂ ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው ነውና፣ ለዚህ ዕቃ ከዋናው ገመድ የበለጠ የሚስማማ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት የማን እንደ ሆኑ ያልጠየቅናቸው ሁለት ሌሎች ታከሉበት።

የተደበቀ ጡት ማስያዣ ስንል አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በኦስትሪያ፣ በምሥራቅ ቲሮል፣ ሌንግበርግ የሚባል ጥንታዊ ግንብ ሲታደስ ከወለሉ ሥር ከተሞላው ጥራጊ ውስጥ ከ2,700 በላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ ተገኘ። ከመካከሉም ኩባያ ያላቸው ከተልባ እግር ክር የተሠሩ የጡት ማስያዣ ዐይነት ልብሶች ነበሩ። በኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸውን ሲመረምሩ የ15ኛው መቶ ዓመት ሆነው ተገኙ፤ ይኸውም በእኛ አገር ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የነገሡበት መቶ ዓመት ነው። አምስት መቶ ዓመት ያቆያቸው የስፍራው ደረቅነት ነው። እንግዲህ መደበቅ ግድ ከሆነ፣ ስፍራው ደረቅ ይሁን፤ ዕቃውም ላስቲክ አይኑረው፤ በላዩም ማንም አይተኛበት! እኛ ሦስቱንም ማሟላት ስላልቻልን ሌላ ዘዴ ይዘናል።

ዘዴው ከእጥበት ይጀምራል። በሳፋ፣ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ፣ በጥቂት ሳሙና በእጅ እናጥባለን። አንጠመዝዝም፤ በፎጣ መካከል አድርገን ተጭነን ውኃውን እናወጣለን። ከዚያ ኩባያውን በእጅ ወደ ቅርጹ መልሰን ከመካከሉ፣ ማለት ሁለቱ ኩባያዎች ከሚገናኙበት፣ በገመዱ ላይ እናሳርፈዋለን። ሰፌድ ይሰቀላል ስላልን እርጥብ ጡት ማስያዣ በማንገቻው ምስማር ላይ ይንጠልጠል ማለታችን አይደለም፤ የውኃው ክብደት ላስቲኩን ስቦ ያረዝመዋል። አንዱን ሁለት ቀን አከታትለን አንለብስም። ሁለት ብቻ ያላት ሴት እንኳ ብታፈራርቃቸው ላስቲኩ የሚሰበሰብበት ጊዜ ያገኛል።

ከደረቀ በኋላ ማደሪያው የጫማ ካርቶን ነው። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ አለን። ጀርባው ያለው መንጠቆ ይቆለፋል፤ ክፍት ከሆነ የሌላውን ዳንቴል ይቧጥጣል። ስፖንጅና ሽቦ ያለውን ሳናጥፍ፣ ብርጭቆ በብርጭቆ ውስጥ እንደሚደረደር፣ የአንዱን ኩባያ ከሌላው ኩባያ ኋላ አስጠግተን እናቆማለን፤ ማንገቻውንና መቀነቱን ወደ ኩባያው ውስጥ እንመልሳለን። ከመካከሉ አጥፎ አንዱን ኩባያ በሌላው ውስጥ ገልብጦ መክተት፣ ምንም እንኳ ስፍራ የሚቆጥብ ቢመስል፣ ስፖንጁ ላይ ያን የተናገርነውን መሥመር የሚያወጣው እርሱ ነው። አንድ ካርቶን አምስት ቢይዝ ነው፤ ስድስተኛውን መጠቅጠቅ አምስቱን ማጥፋት ይሆናል። ስፖንጅም ሽቦም የሌለው ለስላሳው ዐይነት ግን ቢታጠፍም ቢጠቀለልም ግድ የለውም፤ እርሱ ከነጠላና ከመቀነት ወገን ነው። ካርቶኑን ከወለሉ ላይ አናስቀምጥም፤ በክረምት ሲሚንቶው እርጥበት ስለሚያወጣ ሁለት ጡብ ከሥሩ አድርገናል። ፌስታል ውስጥም አንቋጥርም፤ አየር ስለማያገኝ ትንሽ እርጥበት ከቀረበት ይሻግታል።

አስቸጋሪው የጉዞ ጊዜ ነው። ሁለታችን ለዕረፍት በአውቶቡስ ወደ ደሴ እንሄዳለን፤ ሻንጣችን ከሌሎች ሻንጣዎችና ከጆንያ ሥር ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሲደቆስ ይውላል። በዚያን ጊዜ ካልሲ ጠቅልለን ኩባያዎቹን እንሞላና ከቀሚስና ከሹራብ መካከል፣ ከሻንጣው ወገብ ላይ እናስቀምጣለን። ፍተሻ ላይ ሻንጣው ተከፍቶ ቢታይ የሚያዩት በካልሲ የተሞላ ጡት ማስያዣ ነው፤ ፈታሹ ቶሎ ዘግቶ ያሳልፈናል።

ካርቶን የምትፈልግ እኅት ካለች፣ ጫማ ነጋዴዎች ማታ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ቢጠየቁ ያለ ዋጋ ይሰጣሉ። የሴት ጫማ ካርቶን አይበቃም፤ የወንድ ቡትስ ካርቶን ጠለቅ ይላልና እርሱን ትጠይቅ።